ሕዝቡ ስለ ዎል ስትሪቱ ተቃውሞ ምን አለ? የሕዝብ አስተያየትን አጣርቶ የመጻፍ መመሪያ

ስለ ተቃውሞ እንቅስቃሴዎች በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ በጣም ደካማዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ስለ ሕዝቡ የምትናገረው ናት። «ሕዝቡ ከጎናቸው ቆመ» ወይም «ሕዝቡ ተሰላቸባቸው» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ሕዝብ የተባለው ማን እንደሆነ፣ መቼና ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ግን አይገለጽም። ይህ መመሪያ ያችን ዓረፍተ ነገር በማስረጃ ላይ ማቆም ለሚፈልጉ ተማሪዎች፣ ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች የቀረበ ነው። ለምሳሌነት የተወሰደው በ2011 በኒው ዮርክ ከተማ የተነሳውና «ኦኩፓይ ዎል ስትሪት» (ዎል ስትሪትን ያዙ) በሚል ስም የታወቀው፣ ዎል ስትሪት የአሜሪካ የገንዘብ ተቋማት ማዕከል እንደመሆኑ የገንዘብ ተቋማትን ብልሹ አሠራርና በፖለቲካው ላይ ያላቸውን ጫና የተቃወመው እንቅስቃሴ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው የሚጀመረው የቀኖችን ቅደም ተከተል በማዘጋጀት ነው። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ በሴፕቴምበር 2008 ከከሰረ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ የገንዘብ ተቋማትን ከውድቀት ለማዳን እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ ፈቀደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ትልልቆቹ ባንኮች አገግመው ለኃላፊዎቻቸው ዳጎስ ያለ ጉርሻ ይከፍሉ ነበር፤ የሥራ አጦች ቁጥር ግን ገና 9 በመቶ ገደማ ላይ ነበር፣ ብዙ ቤተሰቦችም የቤት ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ቤታቸውን ያጡ ነበር። አድበስተርስ የተባለው የካናዳ መጽሔት በጁላይ 2011 ባስተላለፈው ጥሪ መሠረት ተቃዋሚዎቹ ሴፕቴምበር 17 ቀን በታችኛው ማንሃተን በሚገኘው ዙኮቲ ፓርክ ሰፈሩ። ኦክቶበር 1 ቀን በብሩክሊን ድልድይ ላይ ከ700 በላይ ሰዎች ታሰሩ፣ ኦክቶበር 5 ቀን የሠራተኛ ማኅበራት ሰልፉን ተቀላቀሉ፣ ኦክቶበር 15 ቀን ተቃውሞው በብዙ የዓለም ከተሞች ተካሄደ፣ ኖቬምበር 15 ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ፖሊስ በከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ትእዛዝ የተቃዋሚዎቹን የድንኳን ሠፈር አፈረሰ። ማንኛውም የአስተያየት ቁጥር ከእነዚህ ቀኖች በአንዱ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ ከድልድዩ እስር ማግስት የተሰጠ መልስና ሠፈሩ ከፈረሰ በኋላ የተሰጠ መልስ ከአንድ ሰው አፍ ቢወጡ እንኳ አንድ አይደሉም።

ቀጥሎ የሚመጣውና ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሥራ በእንቅስቃሴው ዓላማና በተቃውሞው አካሄድ ላይ የተሰጡትን አስተያየቶች መለየት ነው። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ተቋም በኦክቶበር 2011 አጋማሽ ሁለቱን ለየብቻ ጠይቆ ነበር። የእንቅስቃሴውን ዓላማ እንደሚደግፉ የተናገሩት 22 በመቶ፣ የሚቃወሙት 15 በመቶ ሲሆኑ፣ 63 በመቶ የሚሆኑት በቂ ዕውቀት ስለሌላቸው አቋም እንዳልያዙ ገልጸዋል። ስለ አካሄዱ ሲጠየቁ ደግሞ 25 በመቶው ሲደግፉ 20 በመቶው ተቃውመዋል። ሠፈሩ ከፈረሰ በኋላ በኖቬምበር እንደገና ሲጠየቅ አካሄዱን የሚቃወሙት ወደ 31 በመቶ ከፍ አሉ፣ የሚደግፉት ወደ 20 በመቶ ወረዱ፤ ስለ ዓላማው የነበረው አስተያየት ግን ብዙም አልተለወጠም። የሁለተኛውን ጥናት ግማሽ ብቻ ያነበበ ጸሐፊ «አሜሪካውያን ፊታቸውን አዞሩ» ብሎ ይጽፋል። በድንኳን መስፈርን፣ መንገድ መዝጋትንና ከፖሊስ ጋር መጋጨትን የጠላ ሰው ግን ባንኮቹን ይቅር አለ ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ሳይጽፉ ማለፍ በቁጣቸው ትክክለኛ የነበሩ ሚሊዮኖችን ቃል ከመዝገቡ እንደመሰረዝ ይቆጠራል።

የተጠየቀውን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ በጋዜጣ ርእስ ላይ የሠፈረው መቶኛ ብቻውን አይበቃም። ታይም መጽሔት በዚያው በኦክቶበር ባስጠናው ጥናት 54 በመቶ የሚሆኑ አሜሪካውያን ስለ ተቃውሞው በጎ አመለካከት እንዳላቸው ተዘግቧል። በጋሉፕ 22 በመቶ የሆነው ድጋፍ በአንድ ወር ውስጥ በታይም ከግማሽ በላይ የሆነበት ምክንያት የሕዝቡ ልብ መለዋወጥ አይደለም። የታይም ጠያቂዎች አስተያየት ከመቀበላቸው በፊት ተቃዋሚዎቹ ሀብታሞችን ይጠቅማሉ የሚሏቸውን ፖሊሲዎች፣ ባንኮችን ለማዳን የወጣውን ገንዘብና ገንዘብ በፖለቲካው ላይ ያለውን ተጽዕኖ የሚቃወሙ መሆናቸውን አስረድተው ነበር፤ የጋሉፕ ጥያቄ በበኩሉ መላሾቹ በቂ ዕውቀት የለንም የሚል አማራጭ እንዲወስዱ በሩን ክፍት አድርጎላቸዋል። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች እውነተኞች ናቸው። አንደኛው ሕዝቡ ስለ እንቅስቃሴው ምን ያህል እንደሚያውቅ ያሳያል፤ ሌላኛው አቤቱታው ሲነገረው ምን እንደሚሰማው ያሳያል። እኔ እንደማየው ከሁለቱ ቁጥሮች ይልቅ በመካከላቸው ያለው ርቀት የበለጠ ይናገራል፤ የእንቅስቃሴው ችግር በአቤቱታው ላይ ሳይሆን አቤቱታውን ለሩቁ ሰው በማድረሱ ላይ እንደነበር ይጠቁማልና።

ማን እንደተጠየቀም ይመልከቱ። ኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ በኦክቶበር የኒው ዮርክ ከተማ መራጮችን ጠይቆ 67 በመቶዎቹ በተቃዋሚዎቹ አመለካከት እንደሚስማሙ አግኝቷል፤ ይህ የአንድ ከተማ ቁጥር ስለሆነ ለመላ አሜሪካ መጠቀስ የለበትም። ከከተማውም ወርዶ የፓርኩን ጎረቤቶች ማየት ያስፈልጋል። ከቀን እስከ ማታ የሚደለቀው ከበሮ በአካባቢው ያሉ ነዋሪዎችን ዕረፍት ስለነሳ፣ የታችኛው ማንሃተን የማኅበረሰብ ቦርድ ስብሰባዎች ትልቁ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ቦርዱ በኦክቶበር መጨረሻ ባሳለፈው ውሳኔ ሰልፈኞቹ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብታቸው እንዲከበር ደግፎ፣ ከበሮው ግን በቀን ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ ጠይቋል። እንዲህ ያለው ውሳኔ በ«ደጋፊ» ወይም በ«ተቃዋሚ» መደብ ውስጥ አይገባም፤ ጸሐፊው ሁለቱንም ክፍሎች አብሮ መጥቀስ ይኖርበታል። በአካባቢው የነበሩ ነጋዴዎች ስሞታም እንዲሁ ተለይቶ መነበብ አለበት፤ ደንበኛ አጣን ያሉት አንዳንዶቹ ምክንያት ያደረጉት ፖሊስ በየመንገዱ ያቆመውን የብረት አጥር ነውና።

የታዋቂ ሰዎችን ንግግር የሕዝብ አስተያየት አድርገው አይቁጠሩ፤ ነገር ግን አይጣሉት። የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ሊቀ መንበር የነበሩት ቤን በርናንኪ ኦክቶበር 4 ቀን በኮንግረስ ፊት ቀርበው ሕዝቡ የገንዘብ ዘርፉን መውቀሱ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ፣ እርሳቸውም ተቃዋሚዎቹን ሊወቅሱ እንደማይችሉ ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ኦባማ ተቃውሞው የአሜሪካውያንን ብስጭት የሚገልጽ እንደሆነ አመለከቱ። በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካን አብላጫ መሪ የነበሩት ኤሪክ ካንተር ሰልፈኞቹን ሥርዓት አልባ መንጋ አድርገው ሲገልጹ፣ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ኸርማን ኬን ደግሞ ሥራና ሀብት የሌለው ሰው ባንኮቹን ትቶ ራሱን እንዲወቅስ ተናገሩ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለመርማሪ ጸሐፊ የሚጠቅመው ተቃራኒዎች ለራሳቸው ወገን የሚናገሩት ነው። የሪፐብሊካኖች የሕዝብ አስተያየት አማካሪ የሆኑት ፍራንክ ለንትዝ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለፓርቲው የክፍለ ግዛት ገዥዎች ባደረጉት ንግግር፣ እንቅስቃሴው አሜሪካውያን ስለ ካፒታሊዝም ባላቸው አመለካከት ላይ ተጽዕኖ እያሳደረ ስለሆነ በእጅጉ እንደሚያስፈራቸው ገልጸዋል። ባላጋራ ለወገኑ የሚሰጠው ምክር ለአደባባይ ከሚሰጠው መግለጫ ይልቅ የእንቅስቃሴውን ክብደት ያሳያል።

ተራ ሰዎች ራሳቸው የጻፉት ምስክርነት ሌላ ምንጭ ነው። «እኛ 99 በመቶዎቹ ነን» (ከእጅግ ሀብታሞቹ 1 በመቶ ውጭ ያለነው ሕዝብ ነን ማለት ነው) በሚል መሪ ቃል ሥር ሰዎች የትምህርት ብድራቸውን፣ የሕክምና ዕዳቸውንና የሥራ ማጣታቸውን በወረቀት ላይ ጽፈው፣ ወረቀቱን ይዘው ፎቶግራፍ ተነስተው አሠራጩ። ለዚህ በተሰጠ መልስ ሌሎች «እኛ 53 በመቶዎቹ ነን» ብለው ሁለትና ሦስት ሥራ ሠርተው ማንንም ሳይወቅሱ እንደሚኖሩ ጻፉ። ሁለተኛው ቁጥር የፌዴራል የገቢ ግብር ከሚከፍሉ ቤተሰቦች ድርሻ የተወሰደ ስለሆነ፣ የቀሩት ምንም ግብር አይከፍሉም ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ ከደመወዝ የሚቆረጥ የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያና የሽያጭ ግብር ይከፍላሉና። እነዚህን ምስክርነቶች በርኅራኄ ማንበብ ይገባል፤ የሁለቱ ወገኖች ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚናገሩት ስለ ተመሳሳይ ድካም ነው። ቢሆንም ጸሐፊዎቹ በዕጣ የተመረጡ ስላልሆኑ ከእነርሱ መቶኛ ማውጣት አይቻልም።

ከተባለው በተጨማሪ የተደረገውን ይመዝግቡ። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በሴፕቴምበር መጨረሻ በዴቢት ካርድ ተጠቃሚዎች ላይ በወር 5 ዶላር ሊያስከፍል እንዳሰበ አስታውቆ፣ ቁጣው ሲበረታ ኖቬምበር 1 ቀን ሐሳቡን ሰረዘ። ኖቬምበር 5 ቀን ደግሞ ሰዎች ገንዘባቸውን ከትልልቅ ባንኮች አውጥተው ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበራት እንዲያዛውሩ የሚጠይቅ ዘመቻ ተካሄደ። በፓርኩ አንድም ሌሊት ያላደረ ሰው ሂሳቡን ሲያዛውር የሰጠው መልስ ከሰልፍ አያንስም።

ቁጣው ወዴት እንዳነጣጠረም መጠየቅ ተገቢ ነው። ጋሉፕ በኦክቶበር ለኢኮኖሚው ችግር ይበልጥ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ 64 በመቶው የፌዴራሉን መንግሥት፣ 30 በመቶው የገንዘብ ተቋማትን ጠቅሰዋል። ይህን ቁጥር የተቃውሞው ተቺዎች በደስታ ይጠቅሱታል፤ ሆኖም ባንኮቹን ያዳነውም፣ የቁጥጥር ሕጎቹን ያላላውም መንግሥት ስለነበር፣ መንግሥትን የወቀሰ ሁሉ ባንኮቹን ነጻ አውጥቷል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሠፈሩ ከፈረሰ በኋላ ያለውን ጊዜ አይዝለሉ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በጃንዋሪ 2012 ባወጣው ጥናት በሀብታሞችና በድሆች መካከል ብርቱ ግጭት አለ ብለው የሚያምኑ አሜሪካውያን 66 በመቶ ደርሰዋል፤ በ2009 ይህ ቁጥር 47 በመቶ ነበር። ለውጡን ያመጣው ተቃውሞው ብቻ ነው ብሎ መጻፍ ግን ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው፤ ኢኮኖሚው ራሱ በእነዚያ ዓመታት ብዙ አስተምሯልና። የአሜሪካን ቁጥሮች ወደ ሌላ አገር መውሰድም አይገባም። በለንደን ተቃዋሚዎቹ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ በመስፈራቸው ክርክሩ ቤተ ክርስቲያኗ ከማን ጋር መቆም አለባት ወደሚለው ዞሮ፣ ከካቴድራሉ ኃላፊዎች መካከል ሥራቸውን እስከ መልቀቅ የደረሱ ነበሩ።

በመጨረሻ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ከሞላ ጎደል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በኦክቶበር 2011 አጋማሽ ጋሉፕ ከጠየቃቸው አሜሪካውያን አብዛኞቹ ስለ እንቅስቃሴው ዓላማ በቂ ዕውቀት እንደሌላቸው ሲገልጹ፣ አቋም ከያዙት መካከል ደጋፊዎቹ ከተቃዋሚዎቹ ይበልጡ ነበር፤ ሠፈሩ ከፈረሰ በኋላ በአካሄዱ ላይ የነበረው ተቃውሞ ቢጨምርም ለዓላማው የነበረው ድጋፍ ብዙ አልቀነሰም»። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል ብሎ አርታኢው ማሳጠር ከፈለገ፣ ከሌላው ሁሉ ቀንሶ ቀኑን፣ የጠያቂውን ተቋምና የተጠየቀውን ጉዳይ እንዲያስቀር ይጠይቁት።