ሶልን ከቤዙ ጀምሮ ማዳመጥ፦ ሽፋኑ ላይ ስማቸው የሌለ አጃቢዎችን ለመለየት

በስልክ ስፒከር የተሰማ ሶል፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያኑ የሙዚቃ ስልት፣ ግማሹ የለም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ የሚርገበገበው 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የስልክ ስፒከር ደግሞ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን እጅግ ያሳሳዋል። ጎልቶ የሚቀረው ዘፋኙ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ያውቀዋል። አጃቢዎቹን ለመስማት መጀመሪያ የሚስተካከለው መሣሪያው ነው።

በሽቦ የሚሰካ ተራ ኤርፎን ይበቃል፤ ግን ጆሮን ጥብቅ አድርጎ ይድፈን፤ ከላላ ቀድሞ የሚጠፋው ቤዙ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን የቤዝ ማጉያ አጥፉት፤ ጉርምርምታውን ያበዛል እንጂ ኖታውን አያጠራም። ዘፈኖቹን አስቀድማችሁ አውርዱ። በ320 ኪሎቢት ጥራት የ3 ደቂቃ ዘፈን 7 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ96 ከወረደ ከ2 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል፣ ግን ሃይ-ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው የድራም ሲምባል) ይሻክራል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ የመጨረሻው ሰዓት ላይ አትተማመኑ።

ቦታውን በተመለከተ፣ የባሕር ዳር የሐይቅ ዳር መዝናኛዎች ለጨዋታ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስና የጎረቤት ካፌ ስፒከር ሁለቱም ይረብሻሉ። ቤት ይሻላል። ከጓደኞች ጋር ከሆነ ቡናው ተወቅጦ ካለቀ በኋላ ጀምሩ፤ የሙቀጫው ዱብታ የሚያርፈው ልክ ቤዙና የእግር ድራሙ ያሉበት ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ አራት ዘፈን እየደጋገማችሁ በእርጋታ ትሰማላችሁ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ክፈቱት፦ አንዴ ለቤዙ ብቻ፣ አንዴ ለድራሙ ብቻ፣ አንዴ ለጊታርና ለኪቦርድ። ግጥም መከተል ክልክል ነው።

የመጀመሪያው የዘፋኞቹ ቡድን የቴምፕቴሽንስ «ማይ ገርል» ይሁን፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዲትሮይት፣ በሙዚቃ ኩባንያው በሞታውን ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው። የሚከፍተው ቤዝ ነው፤ ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን። ከዚያ የሮበርት ዋይት ጊታር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ እያለ ይወጣል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ጆሮ ብልጫ አለው፦ እነዚህ የሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች ናቸው፤ በትዝታ የተቃኘ ክራር ላይ ሁሉም አሉ። ክራር ካለ ሞክሩት። ኮርዱ (ከሥር አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ሲቀየር ዋይት ያንኑ ሐረግ ከፋ ጀምሮ ይደግመዋል፤ ፋ ደግሞ በዚያ ቅኝት ውስጥ ስለሌለ ክራሩ እዚያ ላይ ይቀራል። ሙዚቃው ወዴት እንደዞረ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር የለም።

ጀመርሰን ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበር። ክሮቹ ለስላሳ ጥቅልል ሲሆኑ በመለወጥም አያምንም ነበር፤ ድምፁ ድፍንና ክብ የሆነው በዚህ ነው። ብልሃቱን በደንብ ለመያዝ የስቲቪ ወንደርን «ፎር ዋንስ ኢን ማይ ላይፍ» (1968) ጨምሩ። ቤዙን ብቻ እያዜማችሁ ለመከተል ሞክሩ፤ ራሱን ስለማይደግም ብዙም ሳትሄዱ ይጥላችኋል።

ለድራም የዊልሰን ፒኬት «ኢን ዘ ሚድናይት አወር» ጥሩ ነው፤ 1965፣ ሜምፊስ፣ ስታክስ ስቱዲዮ። ድራሙ ላይ አል ጃክሰን፣ ጊታር ላይ ስቲቭ ክሮፐር፣ ቤዝ ላይ ዶናልድ «ደክ» ደን አሉ። አራት እየቆጠራችሁ በእግር 1ንና 3ን፣ በእጅ 2ንና 4ን ያዙ። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ 1 እና 3 ላይ ያጨበጭብና ዘፈኑ ይከብደዋል። በትክክል ከያዛችሁ ጭብጨባችሁ ከስኔሩ (2 እና 4 ላይ ጠጠር ብሎ ከሚመታው ድራም) በፊት እየቀደመ ያስቸግራችኋል። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ጃክሰን 2ንና 4ን ሆን ብሎ በጥቂቱ ያዘገያል። ፕሮዲዩሰሩ ጄሪ ዌክስለር የፈለገውን ምት ያስረዳው ስቱዲዮው ውስጥ እየጨፈረ ነበር።

አራት አራቱ አልያዝ ያለው፣ ጆሮው በችክችካ የተገራ ሰው፣ በፐርሲ ስሌጅ «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ውማን» (1966፣ አላባማ) ይግባ። እያንዳንዱ ምት በሦስት ስለሚከፈል ለእኛ ቤተኛ ነው። ኦርጋኑ የስፑነር ኦልድሃም፣ ድራሙ የሮጀር ሆኪንስ ነው።

ከዚያው አካባቢ የወጣው የስቴፕል ሲንገርስ «አይል ቴክ ዩ ዜር» (1972) ላይ ደግሞ ብርቅ ነገር አለ፦ ሜቪስ ስቴፕልስ መሃል ላይ «ዴቪድ» ብላ የቤዝ ተጫዋቹን ዴቪድ ሁድን በስሙ ትጠራዋለች። ሞታውን እንኳ የአጃቢዎቹን ስም አልበም ላይ ያተመው እ.ኤ.አ. በ1971፣ በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ፣ «ምርጥ ስብስብ» የሚሉ አልበሞች ላይ ዘፋኙ ከዓመታት በኋላ በሌላ ባንድ ደግሞ የቀረጸው ቅጂ ይገባል፤ ድምፁ ያው ስለሆነ ማንም አይነቃም። የተቀረጸበትን ዓመት እዩ። ሌላው፣ አንዱን ኤርፎን ለጓደኛ ማካፈል ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የስቴሪዮ ቅጂዎች ሪትሙን ወደ አንድ ጎን፣ ድምፁን ወደ ሌላው ስለሚከፍሉ አንዳችሁ ድራም ሌላችሁ ዘፋኝ ትሰማላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ይኸው መሣሪያ ነው፦ የዘፋኙን ጎን አውልቁት።

መንገዱ ለአገር ቤት ካሴትም ይሠራል። የማሕሙድ አሕመድን «ኤረ መላ መላ» (እ.ኤ.አ. 1975) ስትከፍቱ የምትሰሙት አጃቢ አይቤክስ ባንድ ነው፤ ኋላ ሮሃ የተባለው። ቤዙን ለጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩን ለሰላም ስዩም ብላችሁ ለየብቻ ስሙ።

የለያችሁትን በደብተር መዝግቡ፦ ዘፈን፣ ዓመት፣ ስቱዲዮ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ጊታር፣ ኪቦርድ። የዘፈን መተግበሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ደራሲና ፕሮዲዩሰር ብቻ ስለሆነ የአልበሙን ሽፋን ጀርባ በፎቶ ፈልጉ። «ፈንክ ብራዘርስ» (የሞታውን አጃቢ ባንድ) የሚል ብቻ ካገኛችሁ ቤዙ ጀመርሰን ነው ብላችሁ አትሙሉ፤ ቦብ ባቢትም ይጫወት ነበር፣ ድራሙ ላይም ቤኒ ቤንጃሚን፣ ዩሪየል ጆንስና ሪቻርድ «ፒስቶል» አለን ይፈራረቁ ነበር። ማረጋገጫ ያልተገኘለትን ሳጥን ባዶ ተዉት።