ቀይ የጥልፍ ክር ከመጀመራችሁ በፊት

ሀዋሳ ያላችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ጥልፍ የምትሰሩ፣ ቀይ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ ከመጥለፋችሁ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ቀለም ከለቀቀ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡትና ጥላ ላይ ይድረቅ፣ የኛ ፀሐይ ቀለም ይበላል። እኔ ሳልነክር ለእማዬ ሰጥቻት ለልጄ ክርስትና የጠለፈችው የትራስ ልብስ ገና በመጀመሪያው እጥበት አበባው ዙሪያውን ሮዝ ሆነ፣ አሁንም ሳየው ያንገበግበኛል።

ክሩን ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ብቻ ቁረጡት፣ ከዛ ከረዘመ ልጆች እጅ ላይ ይቋጠራል። ባለ 6 ነጠላው (ስድስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ ያለው) ከሆነ ደግሞ ሁለት ሁለቱን ለዩት፣ ጥልፉ ስስ ሆኖ ያምራል። ስትተኩሱ ፎጣ አንጥፋችሁ በጀርባው በኩል፣ በፊቱ ከሆነ አበባው ይተኛል። ለትንንሾቹ ፌልት (ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የተሰራ ጨርቅ) ስጧቸው፣ ጠርዙ ስለማይተረተር መቀምቀም የለ ምን የለ።