ጤፍን በእጅ ማዳቀል፦ ዶክተር ታረቀ በርሄ በከፈቱት መንገድ

የጤፍ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም አንድ ላይ ይዞ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ሁለት ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ እንደማይቻል ተደርጎ ይታይ ነበር። በዚህም ምክንያት ተመራማሪዎች ከገበሬው ማሳ ከተሰበሰበው ዘር የተሻለውን በመምረጥ ይወሰኑ ነበር፤ ማኛ የሚባለው የጤፍ ዝርያ (መለያው ዲዜድ-01-196) የተገኘውም በምርጫ ነው። ይህን የለወጡት የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የጤፍ አበባ በማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ፣ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። በእኔ እምነት ለጤፍ ምርምር ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የዋለ ግኝት የለም፤ ዛሬም ጤፍ የሚያዳቅል ሰው ሥራውን የሚያቅደው ይህን ሰዓት መሠረት አድርጎ ነው።

በመጀመሪያ እናትና አባት የሚሆኑትን ዝርያዎች ይምረጡ። አባቱ ከእናቱ በግልጽ የሚለይበት፣ በዲቃላው ላይም ጎልቶ የሚወጣ መልክ፣ ለምሳሌ ቀይ ዘለላ፣ ቢኖረው ኋላ ዲቃላውን ለመለየት ይረዳል። ሁለቱ በአንድ ወቅት እንዲያብቡ ዘግይቶ የሚያብበውን አስቀድመው ይዝሩ፤ ወደ ማይክሮስኮፕ ለማቅረብ እንዲመች ደግሞ በአፈር በተሞላ ዕቃ ውስጥ ቢዘሩ ይመረጣል።

እናቱ የምትዘጋጀው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። የጤፍ ዘለላ ማበብ የሚጀምረው ከላይ ወደ ታች ሲሆን፣ በእያንዳንዷ ትንሽ ዘለላ ላይ ግን አበቦቹ የሚደርሱት ከሥር ወደ ላይ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ለመከፈት የተዘጋጁትን አበቦች የሚያገኙት በላይኞቹ ትናንሽ ዘለላዎች ግርጌ ነው፤ ራሱን ያዳቀለ ዘር እንዳይቀላቀል የቀሩትን ቆርጠው ያስወግዱ። ከዚያም ጫፉ በጣም በሾለ ወረንጦ፣ በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ የአበባውን ሽፋን ቀስ አድርገው ይክፈቱ። በውስጡ ሦስት የብናኝ ከረጢቶችና ላባ የመሰሉ ሁለት የሴቴ ጫፎች ይታያሉ። ከረጢቶቹን ሳይፈነዱ አንድ በአንድ ያውጡ፤ የሴቴዎቹን ጫፎች አይንኩ። አንድ ከረጢት እንኳ ከፈነዳ ያንን አበባ ያስወግዱት፤ ማትረፍ አይቻልም። ይህ የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ እጅ እስኪለምድ ብዙ አበባ ይበላሻል፤ ጀማሪ በዚህ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም።

በማግስቱ ማለዳ የአባቱ አበቦች ሲከፈቱ ከረጢቶቻቸውን በወረንጦ ወስደው ብናኙን በእናቱ ሴቴ ጫፎች ላይ ያራግፉ። ዘለላውን ይሸፍኑ፤ ወዲያውኑም የእናቱን ስም አስቀድመው፣ የአባቱን አስከትለው፣ ቀኑን ጨምረው የያዘ ምልክት ይሰሩበት።

ዘሩ ሲበስል የሚገኙት ጥቂት ፍሬዎች ናቸው። አንድ ግራም ጤፍ ከ2,500 በላይ ፍሬ ስለሚይዝ አንዷ ፍሬ ከጣት ላይ ሳትታይ ልትጠፋ ትችላለች፤ በወረቀት ፖስታ ያስቀምጧቸው። የፍሬው ቅርፊት የእናቱ አካል በመሆኑ ማዳቀሉ መሳካቱን ከፍሬው ቀለም ማወቅ አይቻልም። ፍሬዋ ተዘርታ ዘለላ ስታወጣ የአባቱ መልክ ከታየባት ዲቃላ ናት፤ እናቷን ብቻ ከመሰለች ራሷን ያዳቀለች ስለሆነች ትወገዳለች።

ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ የወላጆቹ ጠባያት በየዓይነቱ ተቀላቅለው ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ ተክል አንድ አንድ ፍሬ እየወሰዱ ለተከታታይ ትውልዶች መዝራት፣ መልካቸው የረጋ፣ መስመር የሚባሉ ብዙ የዘር ሐረጎችን ያስገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የተገኘው በዚህ አካሄድ ነው፤ እናቱ ዱከም የሚባለው ዲዜድ-01-974፣ አባቱ ማኛ ናቸው። መስመሮቹ ከረጉ በኋላ ምርታቸው፣ የፍሬያቸው ንጣትና በተለይም መጋሸብን (ተክሉ መሬት ላይ መተኛቱን) መቋቋማቸው በተለያዩ አካባቢዎች ከወላጆቻቸው ጎን ተዘርቶ ይፈተናል።