ተልባ ለአንጀት፦ እንዴት ይዘጋጃል? ደንዳኔ ሲደርስስ ምን ይሠራል?

ሆድ ድርቀት ያስቸገረው ሰው እናቱ ጋ ቢሄድ የሚታዘዝለት የታወቀ ነው፤ ተልባ። «አንጀትህን ያለሰልስልሃል» ይባላል። ምክሩ ትክክል ነው። ብዙዎቻችን ግን ያ ዝልግልግ ነገር ወርዶ የአንጀትን ግድግዳ እንደ ቅባት የሚቀባ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም።

ደንዳኔ፣ ማለትም ትልቁ አንጀት፣ የራሱ ዝልግልግ ሽፋን አለው። ሽፋኑን የሚያመነጩት ግድግዳው ላይ ያሉ ሕዋሳት ናቸው። የጎተንበርግ፣ ስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በአይጥ አንጀት ላይ እንዳሳዩት ሽፋኑ ድርብ ነው። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ባክቴሪያ አያሳልፍም። የላዩ ግን ላላ ያለ ነው፤ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እሱ ውስጥ ነው።

ተልባው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተልባ ዝልግልግ ነገር ከፍሬው ልባስ የሚወጣ አሰር (ፋይበር) ነው። ሆዳችን ሊፈጨው ስለማይችል እንዳለ ደንዳኔ ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች እንደ እንጀራ ሊጥ ያብላሉታል። ከዚህ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ቡቲሬት ይባላል። የደንዳኔ ግድግዳ ሕዋሳት ጉልበታቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት ከዚህ ከቡቲሬት ነው። ባክቴሪያዎቹ አሰር ሲያጡስ? ጾማቸውን አያድሩም። ሽፋኑን መብላት ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአይጥ ጥናት አሰር የሌለው ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ሽፋናቸው እንደሳሳ አሳይቷል። ስለዚህ ተልባ የምንጠጣው፣ በአንድ በኩል፣ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ብለን ነው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ።

መጀመሪያ ልቀሙት፤ በሰፌድም አበጥሩት። ገበያ ላይ የሚሸጠው ተልባ አፈርና ጠጠር አያጣውም፤ ጥርስ የሰበረ ሰው ያውቀዋል። አጥባለሁ ካላችሁ እርግማን ነው፤ ውሃ እንደነካው ይጣበቃል።

ቀጥሎ በለስላሳ እሳት አምሱት። ምጣዱ ላይ እያገላበጡ መቆየት ነው። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ አውርዱት። ቡና ይመስል እስኪጠቁር መቁላት ትልቁ ስህተት ነው፤ ይመርራል፣ ዘይቱም ይበላሻል። ቀለል ያለ ማመስ ግን ለመፍጨት ያመቻል፤ ጥሬው ተልባ ውስጥ ያሉትን ሳያናይድ የሚባል መርዝ ሊያወጡ የሚችሉ ነገሮችም ይቀንሳል።

ሲቀዘቅዝ ፍጩት። የቡና መፍጫ ይበቃል። ሙቀጫ ያለው እንደ ተረቱ በአንድ ሙቀጫ ይጨርሰው። ሳይፈጭ የተዋጠ ፍሬ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ታዲያ የወሩን በአንዴ አትፍጩ። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ ቶሎ ይበላሻል። የሳምንቱን ፈጭቶ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ማስገባት ይሻላል።

ከዚያ በጥብጡት። ለጀማሪ አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል። ሆድ ሲለምደው ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይደርሳል። እኔ በመጀመሪያው ቀን አወፍሬ በጥብጬ ጠጥቼ ታክሲ ተሳፈርኩ፤ ያየሁትን ሆዴ ያውቀዋል። ባክቴሪያዎቹ አሰሩን ሲያብላሉ ጋዝ ያወጣሉ፤ ቀስ በሉ የምለው ለዚህ ነው።

አጥልሎ መጠጣት የለመደ ሰው አለ፤ ለጉሮሮ ይመቻል። ዝልግልጉ ውሃው ውስጥ ስለሚቀር ሁሉ ነገር አይጠፋም። ከታች የሚቀረው ግን እሱም አሰር ነው፤ ባትደፉት እመርጣለሁ። በጾም ጊዜ በእንጀራ ፈትፍቶ መብላት ከሁሉም የበለጠ ነው፤ እዚያ የሚጣል ነገር የለም። ማር ጠብ ቢደረግበት አይከፋም።

ውሃ አትሰስቱ። ተልባ ውሃ መጥጦ ያብጣል፤ በደረቁ ከተቃመ ድርቀቱን ሊያባብሰው ይችላል። አንጀቱ የጠበበበት ወይም መዋጥ የሚያስቸግረው ሰው አይሞክረው። መድኃኒት የሚወስድም አንድ ሁለት ሰዓት ያራርቀው፤ ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በካናዳ በተደረገ ጥናት ጤነኛ አይጦች ከምግባቸው 10 በመቶው የተፈጨ ተልባ ሲሆን ሽፋን የሚያመነጩ ሕዋሳታቸው በዙ። አንጀታቸው እንዲቆጣ የተደረጉት አይጦች ግን በተመሳሳይ ምግብ ባሰባቸው። አይጥ አይጥ ነው፤ ቢሆንም አንጀታችሁ ቆስሎ ወይም ተቆጥቶ ሕክምና ላይ ካላችሁ፣ ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁም፣ ተልባውን ከመበጥበጣችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ።