ግራንድ ካንየንን በሜሪ ኮልተር ቤቶች በኩል ማየት

ላስ ቬጋስ ዘመድ ሲመጣብኝ ግራንድ ካንየን ይዤ እሄዳለሁ። ገደሉን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል፤ ለሆቴልና ምግብ ቤት ድርጅቱ ለፍሬድ ሃርቪ ኩባንያ የሠራችው አርክቴክት ሜሪ ኮልተር እዚያው አፋፉ ላይ የሕይወቷን ሥራ ትታለችና።

ከሆፒ ሃውስ ጀምሩ (እ.ኤ.አ. 1905)። ድንጋዩን የካቡት የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የሆፒ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ቀጥሎ በእግር ብራይት ኤንጅል ሎጅ (1935) ግቡና የድንጋይ ምድጃውን ጠይቁ። እዚህ አትቸኩሉ። ከታች ወደ ላይ ተመልከቱ፦ የታችኛው ድንጋይ ከወንዙ ዳር፣ የላይኛው ከአፋፉ የመጣ ነው፤ የሸለቆው ንብርብር በተራው ተክቧል። እናቴ በመዳፏ እየዳሰሰች ከታች እስከምትደርስበት ወጣች፤ ከዚያ በመስኮቱ ገደሉን አየችና «ያው ነው!» አለች።

ሄርሚትስ ሬስት ወደሚባለው ማረፊያ ቤት (1914) በሞቃቱ ወራት በግል መኪና አይገባም፤ የፓርኩን አውቶቡስ ያዙ። ያረጀ እንዲመስል ኮልተር ምድጃውን ሆን ብላ ጥላሸት አስቀብታዋለች።

የዴዘርት ቪው ማማን (1932) ለማምሻ አቆዩት። ሆፒ ሃውስ ካለበት መንደር በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 21 ሜትር የሚረዝመው ማማ ጥንታዊ ፍርስራሽ ቢመስልም ውስጡ የብረት አጽም አለው። የሆፒው ሠዓሊ ፍሬድ ካቦቲ የሳለውን ግድግዳ ሳታዩ አትውጡ።