«ኤክስትራ» ምርቃት አይደለም

አሜሪካ እንደገቡ ደጋግመው ከሚሰሟቸው ቃላት አንዱ «ኤክስትራ» ነው። «ተጨማሪ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ችግሩ እኛ ጭማሪ ሲባል ትዝ የሚለን ባለ ሱቁ ከመዘነ በኋላ በእፍኙ ጣል የሚያደርጋት ምርቃት መሆኗ ነው። እዚህ ኤክስትራ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈልበታል።

ትርጉሙን የሚለየው ቃሉ የገባበት ቦታ ነው። ከዕቃው ስም ቀድሞ ሲመጣ «በዛ ያለ» ወይም «ትርፍ» ነው፦ «ኤክስትራ ቺዝ» ሲሉ ቺዙ ይብዛልኝ ማለትዎ ነው፤ «ኤክስትራ ኪይ» ትርፍ ቁልፍ ነው። መጨረሻ ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ሒሳብ ነው። አከራይ «ፓርኪንግ ኢዝ ኤክስትራ» ካለዎት ትርፍ ማቆሚያ ሞልቶናል ማለቱ አይደለም፤ ከኪራዩ ሌላ ያስከፍላል። «ፕላስ ዩቲሊቲስ» የሚል ማስታወቂያም ያው ነው፤ መብራትና ውሃው በእርስዎ ነው። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «ኢዝ ዋተር ኤክስትራ?» እያሉ አንድ በአንድ ይጠይቁ፣ መልሱም ውሉ ላይ መስፈሩን ይዩ። የቃል መልስ በኋላ አያስኬድም። ሳንድዊች ቤት «አቮካዶ ልጨምር?» ሲሉዎትም ግብዣ እንዳይመስልዎት፤ ደረሰኙ ላይ የራሱ መስመር ይኖረዋል። ምርቃት የሚሆነው «ኖ ኤክስትራ ቻርጅ» (ተጨማሪ ክፍያ የለውም) ሲባል ነው።

ከቅጽል በፊት ሲገባ ደግሞ «በጣም» ማለት ነው፤ «ኤክስትራ ላርጅ» እንደሚባለው ልብስ። እዚህ ላይ የሚያሰጋው መድኃኒት ነው። ታይለኖል አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው ሲሆን እዚህ አሲታሚኖፌን ይባላል። የመደበኛው አንድ ፍሬ 325 ሚሊግራም ነው፤ «ኤክስትራ ስትሬንግዝ» (ጠንከር ያለው) የሚለው 500። የዚህኛው ማሸጊያ ለአዋቂ በየ6 ሰዓቱ 2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ6 ፍሬ እንዳይበልጥ ይላል። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶችም ይህንኑ ስለያዙ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ማሸጊያው ላይ አሲታሚኖፌን የሚለውን ስም ይፈልጉ።

ሥራ ቦታ «ካን ዩ ዎርክ ኤክስትራ?» ከተባሉ ሰዓት ይጨምሩልን ነው። በሰዓት የሚከፈለው አብዛኛው ሠራተኛ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው አንድ ተኩል እጥፍ ያገኛል፤ በሰዓት 18 ዶላር የነበረው 27 ይሆናል። ብዙ አበሻ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ሲሠራ ነው፦ ለተለያዩ ቀጣሪዎች አንዱ ጋ 25፣ ሌላው ጋ 20 ሰዓት ቢሠሩ ሰዓቱ አይደመርም፣ ኦቨርታይምም የለም።

ልጆችዎ ስለ አንድ ሰው «ሺ ኢዝ ሶ ኤክስትራ» ሲሉ ከሰሙ ግን ቃሉ መጨረሻ ላይ ቢሆንም ሒሳብ የለበትም። አበዛችው፣ ልታይ ልታይ አለች ማለታቸው ነው።