የምንወደው ዘፋኝ እጅ ብራችን እንዲገባ ምን እናድርግ
መጀመሪያ መክፈል ለምን እንዳቆምን እንወቅ። ድሮ ካሴት ገዝተን ነበር የምንሰማው፣ ከዛ ሲዲ መጣ፣ ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ማድረግ ቀላል ሆነና ሰፈር ያለው ሙዚቃ ቤት ፍላሽና ሚሞሪ እየሞላ መሸጥ ጀመረ። እንደውም ከፍለናል እኮ! ግን ብሩ የሄደው ለሞላልን ሰው ነው፣ ዘፋኙም ግጥም የጻፈውም ዜማ የደረሰውም አምስት ሳንቲም አላገኙም። አሁን ደግሞ ሙሉ አልበም ቴሌግራም ላይ በነጻ ይለቀቃል። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ይከለክላል፣ ግን እያንዳንዱን ስልክ ማን ይፈትሻል?

እና እንዲህ አድርጉ፣ ዩቲዩብ ላይ ስትሰሙ ዘፋኙ ወይ አሳታሚው ራሱ የለቀቀበትን ቻናል ፈልጉ፣ ሌላ ሰው መልሶ የጫነውን እለፉት፣ ማስታወቂያውንም ቶሎ አትዝለሉት ምክንያቱም ገቢው በብዛት ከሱ ነው። ጓደኛችሁ ዘፈን ላኩልኝ ካለ ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን ላኩለት፣ ይሄ በጣም ለውጥ አለው። ውጭ ያላችሁ ካርድ ስላላችሁ አይቱንስ ላይ አልበሙን ግዙ ወይ ስፖቲፋይ ላይ ከፍላችሁ ስሙ። እዚህ ያለን ዶላር የሚከፍል ካርድ ከሌለን ኮንሰርት ሲኖር ትኬት እንቁረጥ፣ በነጻ የሚያስገባ ሰው አንፈልግ።